ከ«ጃን ሆይ» እስከ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፦ የተነፈገ ርዳታና የአቤቱታ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ከርዳታ መዝገብ ስለተሰረዘ ወይም ድርሻው ስለተቀነሰበት ሰው ነው። ይህ ሰው «አቤት» ሲል ማን ይሰማዋል? ሰሚውስ ምን ማድረግ ይችላል? ጥያቄው ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ቢመስልም በዚህ በአምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ረጅም ታሪክ አለው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ገባ። ወገራን የጎንደር የእህል ጎተራ አድርጎ ገልጿታል። በቤተ መንግሥቱ ደጅም ከማለዳ ጀምሮ «ጃን ሆይ» እያሉ ፍትሕ የሚለምኑ ባለ አቤቱታዎችን ይሰማ ነበር። እውነተኛ ተበዳይ ሲጠፋ ደግሞ ግቢው ጭር ብሎ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው የሚጮሁ ሰዎች ይቀርቡ እንደነበር ጽፏል። የውጭ ተጓዥ ቃል በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። አቤቱታ የሰሚው ክብር ማሳያ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 የርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ርዳታ በአመዛኙ የአስቸኳይ ጊዜ ጉዳይ ነበር፤ ሲመጣ ይታደላል፣ ሲቀር ይቀራል። በ1997 የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ግን መደበኛ ዝርዝር ይዞ መጣ። ዝርዝር ካለ መሰረዝም አለ፤ መሰረዝ ካለ ይግባኝ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ በኪሎ ሲሰላ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በመጀመሪያው ደንብ መሠረት ለአንድ ሰው በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰባል፤ ክፍያው በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ስድስት ቤተሰብ ያላት እናት በአራት ሰው ብትመዘገብ በወር 30 ኪሎ፣ በስድስት ወር 180 ኪሎ ታጣለች። ይህች እናት ከመዝገቡ አልተሰረዘችም፤ በቁጥር ተሸራርፋለች። «ምረቃ» የተባለውም ሌላ ጉዳይ ነው። እናንተ ስትመረቁ ትደሰታላችሁ፤ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ግን «ተመርቀሃል» ሲባል ድጋፉ ይቋረጣል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅሬታውን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ራሱ መራጩ ነበር። የተሻሻለው መመሪያ ከመራጩ የተለየ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቋቋመ። በእኔ እምነት ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ቀበሌው የሚሠራው በተወሰነ ኮታ ስለሆነ የአንዱ መግባት የሌላውን መውጣት ይጠይቃል። አቤት ባዩ የሚሟገተው ከመንግሥት ጋር ሳይሆን ደቦ ከሚጠራው ጎረቤቱ ጋር ይሆናል። የብዙዎች ዝምታ ከአለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ነገ አብረው የሚኖሩትን ሰው ላለማስቀየም ነው። የፕሮግራሙ ነዳፊዎች ይህን አስበው 20 በመቶ የመጠባበቂያ በጀት መድበዋል፤ 5 በመቶው በወረዳ የሚያዝ ነበር። ኮሚቴው ጎረቤትን ሳያፈናቅል ስሕተትን የሚያርመው ያ ገንዘብ በእርግጥ ሲገኝ ብቻ ነው።

ሌሎችስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 በጎልድበርግና በኬሊ ጉዳይ፣ ድጋፍ ከመቋረጡ በፊት ተጠቃሚው መደመጥ አለበት ሲል ወስኗል። ዋናው ቃል «በፊት» የሚለው ነው፤ የተራበ ሰው የይግባኝ ውጤት እስኪመጣ ጦሙን ሊያድር አይገባምና። በእኛም አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ወላጅ አልባ ለሆኑ ሕፃናት ድጋፍ መስጠትን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ከፍቷል። ሆኖም አዋጁ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ስለሆነ የቀበሌ ውሳኔ ከዚያ በር ውጭ ነው።

ስለዚህ መከራከሪያዬ አጭር ነው። አቤት ማለትን ሕዝባችን ከጥንት ያውቀዋል። የጎደለው ሥልጣንና በጀት ያለው ሰሚ፣ በጽሑፍ የሚሰጥ ምክንያትና ከመቀነሱ በፊት የመደመጥ ዕድል ነው። እናንተ የታሪክ ተማሪዎችም የቀበሌ ቃለ ጉባኤዎችን ሰብስቡ፤ ስንት ቅሬታ እንደቀረበ ብቻ ሳይሆን ስንት ውሳኔ እንደተለወጠ ቁጠሩ። ቅሬታ ሰሚው ከጎንደር ጯኺዎች መለየቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።