ዱቄትና ምጥን፦ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው



በባኬ ጃማ ሱቆች ተራ የስንዴ ዱቄትና ሁሉ ነገር የገባበት የታሸገ የኬክ ዱቄት ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን የውጭ ሰው የፈጠረው አድርገን እናየዋለን። እናቶቻችን ግን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከጥንት ጀምሮ ስም አላቸው፤ «ምጥን» ይሉታል።

ነጭ ሽሮ እህሉ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተነፍቶ ሲፈጭ የሚገኝ ነው። ምጥን ሽሮ ግን በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማውና ጨው በልክ ገብተውበት አብሮ ይፈጫል። ቃሉ ራሱ «መጠነ» ከሚለው የወጣ ነው። በኦሮሞ ቤትም የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ ጭኮ ይሆናል፤ እሳት ሳያስፈልገው የሚበላ ስንቅ ነው።

በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ጆንስ የተባለ የብሪስቶል ዳቦ ጋጋሪ እ.ኤ.አ. በ1845 ያለ እርሾ በራሱ የሚነፋ ዱቄት ሠርቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። ሶዳና ኮምጣጣ ዱቄት አስቀድሞ ከስንዴው ጋር ቀላቀለ። ሁለቱ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ አይነካኩም፤ ውሃ ሲያገኛቸው ግን አየር ያወጣሉ፣ ሊጡም ይነፋል። እርጥበት ያገኘው እሽግ ኬክ ሳይነፋ የሚቀረው ለዚህ ነው።

በአገራችን ምጥን ወደ ፋብሪካ የገባበት ትልቁ ታሪክ የፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን መንግሥት እርዳታ የተቋቋመው የሥነ ምግብ ተቋም የስንዴና የጥራጥሬ ዱቄት፣ ቅባቱ የወጣለት የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን መጥኖ የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። የስንዴ ገንፎ ብቻውን ለሕፃን እድገት አይበቃም፤ ጥራጥሬና ወተት ሲጨመሩበት ግን የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ስሙም «ፋፋ» ተባለ፤ ወዝ አገኘ፣ አደገ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ተራ ዱቄት ዝቅ ያለ ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ዱቄት ዳቦም፣ ቂጣም፣ ገንፎም ይወጣል። ነጭ ሽሮ ለሕፃንም ለበሽተኛም ይሆናል። ምጥን አንዴ ከተደባለቀ ግን ጨዉን መልሶ ማውጣት አይቻልም። ገዢዋም ውስጡ ያለውን በዓይኗ መለየት ስለማትችል በሻጭዋ ቃል ታምናለች። ስለዚህ የገባው ሁሉና የተዘጋጀበት ቀን በእሽጉ ላይ መጻፍ አለበት።

እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ልዩነቱን በመዝገብ ላይም እናየዋለን። የዱቄት ወጪ እህል፣ ወፍጮና ማሸጊያ ነው። በምጥን ላይ ቅመሙ፣ ለቀማው፣ ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ መቁላቱና ልኩን የምታውቀው ሴት እውቀት ይጨመራሉ። ቅመሙ ደረሰኝ አለው፤ የእጅ ሥራው ግን ደረሰኝ ስለሌለው በነፃ የመጣ ይመስላል። ሰዓቱ ተቆጥሮ ካልተጻፈ፣ ትርፍ ያልነው ገንዘብ የአባላት ያልተከፈለ ጉልበት ይሆናል።

አጋሮቻችን ሊረዱን ሲያስቡ መጀመሪያ የሚታያቸው ወፍጮ ነው፤ እናመሰግናለን። ወፍጮ ግን የሚያወጣው ዱቄት ነው። ምጥን የሚወጣው ከሚዛን፣ ከደረቅ መጋዘንና ከምትመጥነው እጅ ነው። የዚያች እጅ ዋጋ በመዝገቡ ላይ የራሱ መስመር ይኑረው እንላለን።