ሜዳ የሌለው ባለሜዳ፦ የ2013ቱ ፕሪሚየር ሊግ ከዋድላ ደጋ ሲታይ

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ያነሳው ፋሲል ከነማ ነው። አፄዎቹ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሲሆኑ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ሆኖም በዚያ የውድድር ዘመን ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተደረገም። 13 ክለቦች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰባሰቡ እያንዳንዳቸው 24 ጨዋታ አደረጉ። በወትሮው ሥርዓት ከእነዚህ 24 ጨዋታዎች 12ቱ የፋሲል የሜዳ ጨዋታዎች በሆኑ ነበር። በጨዋታ መርሐ ግብሩ ላይ ስማቸው በባለሜዳ በኩል እየተጻፈ ሜዳቸውን ያላዩ ግን እነሱ ብቻ አልነበሩም፤ ሀዲያ ሆሳዕና፣ ወላይታ ድቻ፣ ወልቂጤ፣ ሰበታና አዳማም ዓመቱን የጨረሱት በሰው ከተማ ነው። ያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ ለ20 ዓመት ያህል የቆየውን የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ግብ ክብረ ወሰን መስበሩ ነው፤ ሁለተኛው ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መተላለፉ። ሁለቱም መነገራቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን ዘመኑ ከዚህ የጠለቀ ለውጥ አምጥቷል እላለሁ። ለኮሮና ተብሎ የተጀመረው የመሰባሰብ አሠራር ኮሮና ካለፈም በኋላ ቀጥሏል፣ በዚህም የከተማ ክለብ ከመሥሪያ ቤት ክለብ ይበልጥበት የነበረውን አንድ ነገር፣ ማለትም ሜዳውን፣ አጥቷል።

ጉዳዩን ከኮን ሆኖ ማየት የሚጠቅመው ኮን የሊጉ ከተማ ስላልሆነች ነው። የዋድላ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች የደጋ ከተማ ከደሴ በወገል ጤና አድርጎ ወደ ጋሸና በሚወጣው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከጋሸና ወደ ሰሜን የታጠፈ ላሊበላ፣ ወደ ምሥራቅ የወረደ ወልድያ፣ ወደ ምዕራብ የቀጠለ በደብረ ታቦር አድርጎ ጎንደር ይደርሳል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አምባ ስለነበር፣ እዚህ አገር ርቀት ምን እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ አያስፈልግም። ታላቅ ቡድን ማየት የሚፈልግ የዋድላ ሰው ሁለት አቅጣጫ ነበረው፣ ወልድያ ወይም ጎንደር። የቅርቡ ወልድያ ነው፤ በ2009 ጥር ላይ የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አላሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ መቀመጫ አለው፣ የከተማዋ ክለብም በ2009 እና በ2010 በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቷል። 16 ክለብ ባለበት ሊግ ይህ ማለት በዓመት 15 የሜዳ ጨዋታ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ ሐዋሳ ተራ በተራ ወደ ሰሜን ወሎ ይመጡ ነበር። ወልድያ በ2010 መጨረሻ ከአርባ ምንጭና ከኢትዮ ኤሌክትሪክ ጋር ሲወርድ ከሰሜን ወሎ የጠፋው አንድ ክለብ ብቻ አልነበረም፤ የእነዚያ ሁሉ እንግዶች መምጣትም አብሮ ቀረ።

የአገራችን ክለቦች ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ መድን፣ መከላከያ፣ ሙገር ሲሚንቶ የሚሉት ስሞች የደመወዝ መዝገብ ያላቸው የመሥሪያ ቤቶች ስሞች ናቸው። ከነማ የሚለው ቃል ደግሞ የመጣው ከከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ነው፤ ሠራተኛው በነዋሪ ተተካ ማለት ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በዚህ ስሙ ከተጀመረበት ከ1990 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ዋንጫውን የወሰደው ሐዋሳ ብቻ ነበር፣ በ1996 እና በ1999። ከዚያ በኋላ የሆነው ያልተጠበቀ ነው። በ2010 ገና ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት አሸነፈ፤ የመጨረሻውን ቀን አዳማን 5 ለ 0 ረትቶ ነው የጨረሰው። በ2011 ዋንጫው ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። የ2012ቱ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ሲሰረዝ የ2013ቱን ፋሲል ወሰደው። በተከታታይ ፍጻሜ ያገኙት ሦስት ውድድሮች ሦስት የክልል ከተሞችን ሻምፒዮን አደረጉ። ከዚያ ወዲህስ? በ2014 እና በ2015 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን። አሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ ጅማንም፣ መቐለንም፣ መድንንም ለዋንጫ ያበቁ ሰው መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ሰውየው ያው ናቸው፤ ወንበሩ ግን ከከተማ ወደ መሥሪያ ቤት ዞሯል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ፋሲል ራሱ ያሸነፈው ያለ ሜዳው አይደለምን? በ2014ም ሁለተኛ ወጥቷል፣ በ2015 ደግሞ ባሕር ዳር ከነማ ሁለተኛ ነበር። እውነት ነው፤ ስለዚህ ሜዳ ማጣት በአንድ ጀንበር ክለብ ይጥላል የሚል ሰው በማስረጃ ይረታል። ነገር ግን የ2013ቱ የፋሲል ቡድን የተገነባው በ2013 አይደለም። በ2011 እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫ የተፋለመው፣ ጎንደር ላይ በሕዝቡ ፊት የጎለበተው ቡድን ነው ተሰብስቦ የሄደው። ጎተራ ውስጥ እህል ያለው ገበሬ ዝናብ የቀረበትን ዓመት በደህና ሊሻገር ይችላል፤ ጥያቄው የሚመጣው ጎተራው ሲጎድል ነው። ባንክ በ2016 ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫ ማንሳቱን ከጅማ የ2010 ድል ጎን ማስቀመጥ ይበጃል። ሁለቱም እንዳደጉ አሸነፉ፤ ጅማ ከኋላው ከተማ ነበረው፣ ባንክ ግን ከተማም ሆነ የራሱ ሜዳ አላስፈለገውም። በዚህ መካከል የትግራይ ጦርነትና የገንዘብ አቅም ልዩነት መኖራቸውን አልክድም፤ ባንክ ያሸነፈው ሜዳ ስለሌለው ነው አልልም። የምለው ይህን ነው፦ ደመወዝ በመክፈል ከባንክ ጋር መፎካከር የማይችል ከተማ በእጁ የነበረው ሌላ ሀብት ሜዳና ሕዝብ ነበር፤ አሠራሩ ይህን ሲወስድበት በባንኩ ላይ የሚመጣጠን ጉዳት አላደረሰም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የደም ጉዳይ ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በኅዳር 2010 ወልድያ መቐለን ልታስተናግድ በነበረበት ዕለት ከጨዋታው በፊት በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ንብረት ወድሟል። ከዚህ በኋላ ክለቦችን ከሜዳቸው ማራቅ ሕይወት ያድናል ቢባል ማን ይቃወማል? ሆኖም የያኔው ማስረጃ ሲዘረዘር መልኩ ይለያያል። በዚያው ዓመት ወልድያ ላይ ዳኛ የተጠቃው ከፋሲል ጋር በተደረገ ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም የአማራ ክልል ክለቦች ናቸው። ወልዋሎና መከላከያ ሲጫወቱ ዳኛ ተደብድቦ ዳኞች ጨዋታ አንመራም እስኪሉ ያደረሰው ክስተት ደግሞ የሆነው አዲስ አበባ ስታዲየም ነው፣ መንግሥት በተቀመጠበት ከተማ። እንግዲህ ችግሩ የሜዳው ቦታ ነው ወይስ የሜዳው አስተዳደር? በ2011 የመጨረሻ ቀን ፋሲል ለዋንጫ ሲጫወት የነበረው ሽረ ላይ ነው። የጎንደር ቡድን፣ በዚያ ሁሉ ውጥረት መካከል፣ ትግራይ ድረስ ሄዶ 1 ለ 1 ወጥቶ ዋንጫውን አጥቶ ተመልሷል። ያ ጉዞ አስፈሪ ነበር፤ ግን ተደርጓል። በ2013 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲፈነዳ የትግራይ ሦስት ክለቦች ከሊጉ ጠፉ፣ የ2011ዱ ሻምፒዮንም ዋንጫውን ሊከላከል አልቻለም። ኳስ ጦርነቱን አላመጣውም፣ ሊያስቀረውም አይችልም ነበር፤ ነገር ግን ከተሞቹ እርስ በርስ እንግዳ የሚቀባበሉበት አንድ መደበኛ ምክንያት ነበር፣ እሱም አብሮ ተዘጋ።

ዛሬስ? በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ያለውን ግጭት ለሚያውቅ ጎንደር ላይ ለምን አይጫወቱም ብሎ መጠየቅ የዋህነት ሊመስል ይችላል። ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ጸጥታ ጎንደርን የሚያስቀር ምክንያት ከሆነ፣ የወላይታ ድቻን ከተማ ሶዶንና ሆሳዕናን ያስቀረው ምንድን ነው? በ2016 እና በ2017 ውድድሩ በዋናነት ሲዟዟር የነበረው በአዳማ፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነው። ሰላም ያለበትም የሌለበትም ከተማ እኩል ሜዳውን ሲያጣ ምክንያቱ ጸጥታ ነው ማለት አያስኬድም። የቀለለው የአስተዳደሩ ሥራ ነው፤ በአንድ ከተማ ካሜራ ተክሎ፣ በአንድ ከተማ ዳኛ አሳድሮ፣ በአንድ ሜዳ በቀን ሁለት ጨዋታ ማካሄድ። ወጪው ግን ወደ ክለቦቹ ዞሯል። ተጫዋቾች ለሳምንታት ሆቴል ይቀመጣሉ፣ አበልና ትራንስፖርት ይከፈላል፤ የከነማ ክለብ ከሆነ ሒሳቡ የሚወራረደው ከከተማ አስተዳደሩ በጀት፣ ማለትም ከነዋሪው ግብር ነው። የትኬት ገቢ ድሮም ኢምንት ነበር የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ለነዋሪው የሚሰጠው የገንዘብ ትርፍ ካልነበረ ጨዋታው ራሱ ነበር የሚሰጠው። ነዋሪው እየከፈለ ቡድኑ ሌላ ከተማ የሚጫወት ከሆነ፣ የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ምን ብሎ ያጸድቃል?

የቴሌቪዥኑ ክርክር ለኮን ይበልጥ ይቀርባል። ሊጉ ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር የተፈራረመው የአምስት ዓመት ውል 22.5 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ነበር፤ ሊጉን ለሚያስተዳድረው አክሲዮን ማኅበር ይህ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነበር። ጎንደር ድረስ ለመሄድ የአውቶቡስ ዋጋ የሌለው የደጋ ወጣት የፋሲልን ጨዋታ በዓይኑ ያየው በዚሁ ስክሪን ነው፤ ይህን ትርፍ መካድ ስስታምነት ይሆናል። ነገር ግን ዲኤስቲቪ ቤት ምን እንደሆነ እናስብ። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ የጨዋታ ሰሌዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች፣ መግቢያ ላይ የሚሰበሰብ ብር። በዚያ ሰሌዳ ላይ ፋሲል ከሀዲያ የሚጻፈው ከአርሰናልና ከማንቸስተር ዩናይትድ ሥር ነው፤ ሰዓት ከተጋጨ የሚጠፋው የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ሜዳ ላይ ፋሲልን የሚፎካከር አርሰናል የለም። ጎንደር ላይ አፄዎቹ ሲገቡ ያለው ድምፅ የትም አይገዛም። ስክሪን ላይ ግን የእኛ ሊግ ከዓለም ሀብታም ሊግ ጋር በካሜራ ብዛትና በሣር ጥራት እንዲወዳደር ተደርጎ ቀረበ፤ በሚሸነፍበት ዓይነት ውድድር ብቻውን ተተወ።

ከዋድላ የሚመጣ አንድ ሌላ ተቃውሞ አለ፤ ደስ የሚለኝም እሱ ነው። ዋድላ የቅኔ አገር ናት። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የአንድ የቅኔ ቤት ስም ሆኗል፤ የዋድላን መንገድ የተማረ መምህር የትም ወንበር ቢዘረጋ የዋድላ ቤት ነው የሚባለው። እንዲህ ከሆነ ፋሲል ሐዋሳ ላይ ቢጫወትስ ፋሲልነቱ ምን ይጎድለዋል? የሚጎድለው ይህ ነው፦ የቅኔው ስም ከቦታው ርቆ የኖረው በየዘመኑ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቦ ወደ ምንጩ ሲመላለስ ስለኖረ ነው። ምንጩ አልተዘጋም። ለወደፊቱ የፋሲል ደጋፊና ተጫዋች የሚሆነው ልጅ ግን ወደ ጎንደር ሄዶ የሚያገኘው የሊግ ጨዋታ የለም፤ ወደ ወልድያ ወርዶም እንዲሁ። ወልድያ ከወረደ ወዲህ እስከ 2017 ድረስ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አልተመለሰም።

በ2017 መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ሲመለሱ ብዙ ሰው ደስ ብሎታል፤ ይገባልም። የተመለሱት ግን ወደ ሊጉ እንጂ ወደ ሜዳቸው አይደለም። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር የሚቀርበው ጥያቄ ነገ ሁሉም ከተማ ይከፈት የሚል አይደለም። አንድ ከተማ የሜዳ ጨዋታውን መልሶ ለማግኘት ስለ ጸጥታ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ አጥሩ ምን ማሟላት እንዳለበት በጽሑፍ ይውጣ፤ ማን አሟላ፣ ማን ቀረው የሚለውም በየዓመቱ ይገለጽ። ሶዶ ቀድሞ ካሟላ ሶዶ ይጀምር። ጎንደርና ወልድያም ምን እንደጎደላቸው ይወቁት።