የወጌሻው ልጅ ብረት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1914 እና በ1915፣ ጭኑ በጥይት የተሰበረ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ሞት ነበር። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ቁስሉን አጥብቀው ያስሩለታል፤ የሚታየው ደም ይቆማል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በጭቃና በጉድጓድ መሀል ሲንገላታ ስባሪው አጥንት ጡንቻውን እየቦጨቀ ውስጥ ለውስጥ ያደማዋል። የአዋቂ ሰው ጭን ከ1 ሊትር በላይ ደም ሊይዝ ይችላል፤ ከውጭ የሚታየው ግን እብጠት ብቻ ነው። ቁስለኛው ይገረጣል፣ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ ውሃ ውሃ ይላል፤ የልቡ ምት እየፈጠነ፣ እየደከመም ይሄዳል። ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ቀዶ ሕክምና የሚችልበት አቅም የለውም።

መላው የተገኘው ከወጌሻ ቤት ነው።

ሂዩ ኦወን ቶማስ ትውልዱ ከዌልሷ አንግልሲ ደሴት ወጌሾች ነው። አባቱ ኢቫን ያለ ዲግሪ ሊቨርፑል ውስጥ አጥንት እየጠገነ ኖረ፤ አምስት ወንዶች ልጆቹን ግን ሕክምና አስተማረ። ሂዩ የተጎዳ አካል ፍጹም ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። በቲቢ ለታመመ ጉልበትም አንድ መደገፊያ ሠራ፦ ብሽሽት ላይ የሚያርፍ በቆዳ የተለበጠ ቀለበት፣ ከእርሱ ወርደው እግሩን ግራና ቀኝ የሚያቅፉ የብረት ዘንጎች። የሙያ ጓደኞቹ እምብዛም አልሰሙትም። እ.ኤ.አ. በ1891 ሞተ።

ብረቱን ወደ ጦር ሜዳ የወሰደው ቶማስ ያሠለጠነው ዘመዱ ሮበርት ጆንስ ነው። እግሩ ተስቦ ከዘንጎቹ ጫፍ ጋር ሲታሰር ስባሪው ይቃናል፣ መፋጨቱ ይቆማል፣ ደም የሚጠራቀምበትም ቦታ ይጠባል። ትልቁ ቁም ነገር ይህን የሚሠሩት እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ያሉ ቃሬዛ ተሸካሚዎች መሆናቸው ነበር። ጫማና ሱሪ ሳያወልቁ፣ በጨለማም እንዲያስሩት ዓይናቸው ተሸፍኖ ተለማመዱ። እ.ኤ.አ. በ1917 በፈረንሳይ፣ አራስ በተባለች ከተማ በተደረገው ውጊያ ጭናቸው ከተሰበረ ከ1,000 በላይ ቁስለኞች መካከል የሞቱት 16 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

እግር ስቦ ማሰር ሥልጠና ይጠይቃል፤ ያልሠለጠነ ሰው አይሞክረው። ዕረፍቱን ግን ማንም ሊሰጥ ይችላል። መኪና የገጨው ሰው ጭኑ ካበጠ ወይም ፊቱ ከገረጣ ተሸክማችሁ ታክሲ ውስጥ አትወርውሩት። ባለበት አስተኙት፣ እግሩን እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፣ ልብስ ደርቡለት፣ ቢጠማውም ውሃ አትስጡት፤ ወዲያውም ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 907 ደውሉ።