ፎንቱ ከጠፋ አማርኛውም ይጠፋ ነበር

አሁን ፕሮግራም የሚሠራ ወጣት ለሌብል፣ ማለትም ስክሪን ላይ ለሚነበበው መለያ ጽሑፍ፣ ፎንት ሲመርጥ የሚያስጨንቀው መልኩ ነው። ቀጠን ይበል ወይስ ደመቅ፣ ደንበኛው የቱን ይወደዋል፤ ሌላ ጣጣ የለበትም። እኛ በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የፋርማሲ፣ የግምጃ ቤትና የደመወዝ ፕሮግራም ስንሠራ ለነበርነው ግን ፎንት ጌጥ አልነበረም። አማርኛው የሚኖረው እሱ ውስጥ ነበር። የሌብሉን ፎንት ከቀየርከው ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

ምክንያቱ የቁጥር ነገር ነው። የያኔው አሠራር ለአንድ ፎንት የሚፈቅደው 256 መቀመጫ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 32 ደግሞ ለትእዛዝ የተያዙ ስለሆኑ ፊደል አይቀመጥባቸውም። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231 ይመጣል። በዚያ ላይ ቨን፣ እነ ሏ፣ ሟና ቋን፣ ከ፩ እስከ ፼ ያሉትን አኃዞች፣ ነጥቦቹንም ጨምር። የዓለም ፊደላት የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል 345 ምልክት ነው የመዘገበው። 345ቱን 256 ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አንዳንዱ የፎንት ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው። ሌላው የታይፕራይተሩን ዘዴ ተከትሎ አካሉን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀመጠና እየገጣጠመ ጻፈ።

ባለሙያዎቹ ተባብረው አልሠሩም። ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ የአማርኛ መጻፊያ አወጣ፤ እዚህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪን ሠራ፤ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ቢሮውን ሁሉ አዳረሱት። ሁሉም ፊደሉን የደረደሩት በየራሳቸው ሐሳብ ነበር። ባንዱ «ስ» የተቀመጠበት ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ይህን አያውቅም፤ እሱ የሚያየው የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው።

የዘመኑ መሣሪያ ቪዥዋል ቤዚክ 6 ነበር። ፎርሙ ላይ ሌብል ታስቀምጣለህ፣ ፕሮፐርቲ መስኮቱ ውስጥ ፎንቱን ወደ ግዕዙ ትቀይራለህ፣ ካፕሽኑን ትጽፋለህ። ፎርሙ ላይ «የመድኃኒቱ ስም» ብሎ ቁጭ ይላል። ፕሮፐርቲ መስኮቱ ግን የራሱ ፎንት ስላለው ያንኑ ጽሑፍ የሚያሳይህ የላቲን ዝባዝንኬ አድርጎ ነው። ኮዱ ውስጥም እንደዚያው። ጥቂት ዓመት ከሠራህ በኋላ ዝባዝንኬውን እያየህ አማርኛውን ታነባለህ፤ ይህን ችሎታ ያዳበሩ ሰዎች ዛሬም አሉ፣ የትም አይጠቅማቸውም እንጂ።

ችግሩ የፎንት ፕሮፐርቲ የሌለው ነገር ላይ ይመጣል። የመስኮቱ አናት ላይ ያለው ርእስ፣ ሜኑው፣ ድንገት ብቅ የሚለው የመልእክት ሳጥን የሚጻፉት በዊንዶውስ በራሱ ፎንት ነው። ለእነሱ ፎንት መስጠት አትችልም። አማርኛ ብትጽፍባቸው ዝባዝንኬው ይወጣል። መፍትሔው ምን ሆነ? ርእሱን ማጥፋትና በቦታው ሰማያዊ ሌብል መደርደር። ሜኑውን ትቶ ትልልቅ በተኖችን መኮልኮል። «እርግጠኛ ነዎት?» ለማለት ብቻ ራሱን የቻለ ፎርም መሥራት። የዚያ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት መልክ የያዙት፣ ሜኑ አልባና ባለ ግዙፍ በተን የሆኑት፣ በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን አልከፋኝም። ሜኑ ውስጥ ሜኑ እየከፈቱ ከመፈለግ ይልቅ «ሽያጭ» የሚል ትልቅ በተን መጫን ለባለ ሱቁ ይሻለው ነበር።

የ& ምልክት ደግሞ የብቻው ጉድ ነበረው። ቪዥዋል ቤዚክ ሌብል ላይ & ሲያገኝ ምልክቱን ይውጠውና የሚቀጥለውን ፊደል ከሥሩ ያሰምርበታል፤ በኪቦርድ አቋራጭ መሆኑ ነው። ፎንቱ በ& መቀመጫ ላይ ፊደል አስቀምጦ ከሆነ ያ ፊደል ከቃሉ መሀል ይጠፋል፣ ጎረቤቱ መስመር ይወጣበታል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ፎንቱ ተበላሽቷል ብሎ ደጋግሞ ይጭናል።

መጠኑም ሌላ ራስ ምታት ነው። ሌብል ሲፈጠር የሚመጣው 8 ነጥብ ሆኖ ነው። በጊዜው ስክሪን ይህ ወደ 11 ፒክስል ቁመት ነው። ለላቲን ይበቃል። በእኛ ግን የሸ አናትና የቸ ቆብ በዚያ ቁመት ውስጥ ቦታ የላቸውም፤ ሸ ሰ ይመስላል፣ ቸ ተ ይመስላል። ስለዚህ 12 እና 14 እንሰጥ ነበር። ያኔ ፎርሙ ይጠብባል፣ ሌብሉ ጽሑፉን ከግርጌው ይቆርጠዋል፣ ሁሉንም እንደገና መዘርጋት ነው። አንድ ሌብል አንድ ፎንት ብቻ ስለሚይዝ የመድኃኒቱን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ማሳየት ከፈለግክ ሁለት ሌብል አስቀምጠህ በዓይንህ ታስተካክላለህ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ፎርማት ነበር። ቫይረስ ገባ ተብሎ ኮምፒውተሩ ይጸዳል፣ ፕሮግራሙ ተመልሶ ይጫናል፣ ፎንቱን የሚያስታውስ የለም። መርካቶ ሱቅ የነበራቸው አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ ሲሆን ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ዕቃዬን ሁሉ እንግሊዝኛ አድርጎብኛል፤ ያውም የማይነበብ እንግሊዝኛ!» አሉኝ። «እትዬ፣ አይጨነቁ፣ ዕቃው አለ» ብዬ ፎንቱን በፍሎፒ ይዤ ሄድኩ። ስጭነው ስኳሩም ዘይቱም ተመለሰ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ በወረቀት መዝገብም መያዝ ጀመሩ፤ አልፈርድባቸውም።

ዩኒኮድ መጣ ማለት ተገላገልን ማለት አልነበረም። የቪዥዋል ቤዚክ 6 ሌብል ዩኒኮድ አማርኛ ስትሰጠው የሚመልስልህ የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። ከእሱ በኋላ በመጣው በዶት ኔት ስትሠራ ሌብሉ ይቀበላል፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን የግዕዝ ፎንት ይዞ ስለማይመጣ ባዶ ሳጥን ታያለህ። ኒያላ የተባለው ፎንት ከቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ ነው መጀመሪያ የተነፈስነው። ጆን ሃድሰን የነደፈው ኒያላ የብዕር ጽሕፈት ጠባይ አለው፤ ወረቀት ላይ በ14 ሲታተም ያምራል። ሌብል ላይ በ9 ስታደርገው ግን ከጎኑ ካለው ላቲን አንሶ ኩምሽሽ ይላል። ዊንዶውስ 8 ላይ ግዕዝ የተጨመረለት ኤብሪማ ለስክሪን የተሠራ ነው። ውበት ብዙም የለውም፤ ለሌብል ግን እሱን እመርጣለሁ። አሁን አንዱ ሌብል አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅሎ ይይዛል፣ ዊንዶውስ ራሱ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ፎንት ይፈልጋል።

የድሮዎቹ ፕሮግራሞች ግን አልሞቱም። የአሥርና የሃያ ዓመት መዝገብ ይዘው የሚሠሩ አሉ፤ መረጃውን ወደ አዲስ አዛውርልን የሚል ሰው እስካሁን ይመጣል። ዳታቤዙ በየትኛው የፊደል አደራደር እንደተጻፈ የሚናገር ነገር ውስጡ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው የፎርሙን ፋይል ነው። የቪዥዋል ቤዚክ ፎርም ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል፤ እያንዳንዱ ሌብልና መጻፊያ ሳጥን የተሰጠው የፎንት ስም እዚያ ሰፍሯል። ከዚያ የትኛውን መለወጫ ሠንጠረዥ እንደምጠቀም አውቃለሁ። ሌብሉ በአንድ ፎንት፣ መጻፊያ ሳጥኑ በሌላ ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ሁለት ሰው ነክቶታል ማለት ነው፤ ያኔ መዝገቡን በቀን ከፍሎ የፊተኛውን በአንዱ፣ የኋለኛውን በሌላው ሠንጠረዥ መለወጥ ነው።