የባንክ ዕዳ ያለበት የጋራ መኖሪያ ቤት በክረምት ወራት

በአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ገደማ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ወራት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ ልብስ በቶሎ አይደርቅም፤ ደረጃውና ኮሪደሩ የመጫወቻ ቦታ ይሆናል። የጣሪያው ቀዳዳ፣ የአሸንዳው መዘጋትና የግድግዳው እርጥበት የሚታወቀውም ያኔ ነው። ቤቱ በባንክ ብድር የተገዛ ሲሆን ባለቤቱ በአንድ ወቅት ሁለት ግዴታ ይገጥመዋል፤ አንደኛው ለባንኩ፣ ሁለተኛው ለጎረቤቶቹ። ሁለቱ የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ ከመደባለቃቸውም ቤት እስከማጣት የሚያደርስ ጉዳት ሊመጣ ይችላል።

የብድሩ አሠራር

በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ፈላጊዎች ምዝገባ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ መርሐ ግብሮች ቀርበው ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ገዢው በቅድሚያ የሚከፍለውን መቶኛ፣ ሁለተኛው በረጅም ጊዜ ብድር የሚሸፈነውን ያመለክታል። በ20/80 ቤት ያገኘ ሰው 20 በመቶውን ከፍሎ ለቀሪው 80 በመቶ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር የብድር ውል ይዋዋላል።

ወለድ የሚታሰበው ባልተከፈለው ቀሪ ዕዳ ላይ ነው። በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ወለድ ይሆናል። ለማስረዳት ያህል፣ 400,000 ብር በ9.5 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በ20 ዓመት የሚከፈል ቢሆን ወርሃዊው ክፍያ 3,729 ብር ገደማ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 3,167 ብሩ ወለድ ሲሆን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 562 ብር ብቻ ነው። ይህን ያልተረዳ ተበዳሪ ለዓመታት ከፍሎ ዕዳው እምብዛም አለመቀነሱን ሲያይ የሂሳብ ስሕተት ይመስለዋል። ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የሚገባ ገንዘብ ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስ በጽሑፍ መጠየቅ ጥቅሙ የሚጎላውም በእነዚሁ የመጀመሪያ ዓመታት ነው።

«ዕዳው እስኪያልቅ ቤቱ የባንኩ ነው» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚደነግገው የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በጽሑፍ የሚደረግና የሚመዘገብ ዋስትና ነው። ባንኩ የሚያገኘው ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ከቤቱ ሽያጭ ገንዘቡን በቀዳሚነት የመውሰድ መብት ነው። ባለቤትነቱ የገዢው ነው፤ ስለዚህ ቤቱን የመጠበቅና የማደስ ኃላፊነቱም የገዢው ነው።

ጣሪያ ሲያፈስ

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በግል በተያዘ ቤትና በጋራ መጠቀሚያ መካከል ይለያል። ጣሪያ፣ ደረጃ፣ የውጭ ግድግዳ፣ ብዙ ቤቶችን የሚያገለግል የፍሳሽ ቧንቧና ግቢው እንደ ደንቡ የጋራ ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሕንፃ ዝርዝር ሕንፃው ሲመዘገብ በተያዙት ሰነዶች ውስጥ ይገኛል። የጋራውን ክፍል የሚያስተዳድረውና የሚያስጠግነው የባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ወጪውንም ሁሉም ባለቤቶች በየድርሻቸው ይሸፍናሉ።

እንግዲህ የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሲያፈስ ችግሩ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ብቻ አይደለም። መሬት ላይ ያለው ነዋሪ «እኔን አልነካኝም» ብሎ መዋጮ መከልከል አይችልም፤ ቤቱን አከራይቶ ሌላ ሰፈር የሚኖረውም ባለቤት እንዲሁ። ማኅበራት ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰቡት ውኃው ከገባ በኋላ መሆኑ ጉዳቱን ያበዛዋል። አሸንዳ የሚጸዳውና ቆርቆሮ የሚመረመረው በግንቦት፣ ጣሪያው ደረቅ ሳለ ነው። ለፍሳሽ መንስኤ ከሚሆኑት አንዱ ደግሞ የሳተላይት ዲሽ ሲተከል ቆርቆሮው ላይ የሚቀር የምስማር ቀዳዳ ነው። ማኅበሩ ዲሽ የሚተከልበትን ቦታ በውስጠ ደንቡ ቢወስን ከብዙ ክርክር ይድናል።

የጣሪያው ማፍሰስ የብድሩን ክፍያ አያስቆምም። የብድሩ ውል ከባንኩ ጋር ነው፤ የጥገናው ጥያቄ የሚቀርበው ለማኅበሩ፣ የግንባታ ጉድለት ከሆነ ደግሞ ቤቱን ላስረከበው አካል ነው። ጉድለቱን በቀን በተያዘ ፎቶግራፍና በጽሑፍ ማመልከቻ ማስመዝገብ ይገባል። በብስጭት ክፍያ ያቋረጠ ባለቤት ግን ጣሪያው ሳይጠገን ውዝፍ ዕዳና ቅጣት ይጨመርበታል።

በቤት ውስጥ ጥንቃቄ

ቅዝቃዜው ሲበረታ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል የተለመደ ነው፤ የክረምቱ ትልቁ አደጋም ይኸው ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በጠባብ ክፍል የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባም ጋዙ አይቀርም፤ በተለይ በመኝታ ሰዓት ምድጃ ቤት ውስጥ መተው የለበትም። ቡና ሲፈላም ሆነ የበቆሎ እሸት ሲጠበስ መስኮት ክፍት ይሁን። እርጥበት በነካው ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት በባለሙያ ሳይታይ መጠቀም አይገባም። ለቡሄ የሚለኮሰው ችቦ ከሕንፃው፣ ከቆሙ መኪናዎችና ከኤሌክትሪክ ገመድ ርቆ ቢለኮስ የበዓሉ ደስታ አይጓደልም።

ክፍያ ሲዘገይ

ነሐሴ ሲያልቅ የዘመን መለወጫ ወጪ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ በአንድ ላይ ይመጣሉ። በርካታ ቤተሰቦች የቤቱን ክፍያ ለጥቅምት የሚያዛውሩት ያኔ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የሦስት ወር መዘግየት ቅጣቱ ሳይታሰብ 11,187 ብር ውዝፍ ይሆናል፤ ደመወዝተኛ ይህን በአንድ ጊዜ ማሟላት ይከብደዋል። ወሩ ከማለፉ በፊት ባንኩ ቀርቦ የክፍያ ጊዜው እንዲስተካከል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ መቀበል ባይገደድም፣ ቀድሞ ያመለከተ ተበዳሪ ከጠፋው ይልቅ የመደራደር ዕድል አለው።

በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ዕዳው ባልተከፈለ ጊዜ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል፤ ለዚህም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሽያጩ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ድንጋጌዎች ተከትሎ ካልተፈጸመ ባንኩ ለሚደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ የለበትም፤ 30 ቀኑ የመክፈያ፣ የመደራደሪያ ወይም ቤቱን በራስ ፈቃድና በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ከባንኩ ጋር የመስማሚያ ጊዜ ነው።

ዕዳውን ከቤቱ ኪራይ የሚከፍሉ ባለቤቶች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ማወቅ ይኖርባቸዋል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ስለሆነም የተጠራቀመ ውዝፍን ከተከራይ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ማቃለል ሕጉ አይፈቅድም።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ መዝገቡ በራሱ አይጸዳም። ባለቤቱ ከባንኩ የዕዳ ነጻ ማረጋገጫ ወስዶ መያዣው ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት በማቅረብ ምዝገባው እንዲሰረዝ ማድረግ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ቤቱን ለመሸጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ ወይም ለወራሾች ስም ለማዞር ሲፈለግ መዝገቡ አሁንም ዕዳ እንዳለበት ያሳያል።