ከባሕር የተረፈ እንቆቅልሽ

ዲጋ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ማታ እሳት ዳር «ሂቦ» እየተባባሉ መጫወትን ታውቁታላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ የዚያን ጨዋታ ቦታ ስልክ ወስዶት ከሆነ ይህ ታሪክ የእናንተ ነው።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊልያም ወርድስወርዝ እ.ኤ.አ. በ1802 ስለ ልጅነት አንድ ረጅም ግጥም ጀመረ። ልጅ ሳለ የሚያየው ሁሉ ድንቅ ነበር፤ ካደገ በኋላ ውበቱን ቢያይም ያ መደነቅ ጠፋበት። ወዴት ሄደ ብሎ ጠይቆ አራት አንጓ ላይ ቆመ፤ ግጥሙን የቀጠለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። (ነፍስ ከመወለዷ በፊት ትኖር እንደነበር የሚለውን ሐሳቡን እንደ ትምህርት አትያዙት፤ ራሱም በኋላ እንደ እምነት ላስተምረው አላሰብኩም ብሏል።)

የወርድስወርዝን ልጅነት የወሰደው ዕድሜ ነው። የአስቴር ጋኖን ግን የነጠቃቸው ሰው ነው። በ1872 ገደማ ተወልደው በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ በባርነት ተያዙ። በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ ባሕር ሲሻገሩ የጣሊያን መርከብ ደርሶ አስጣላቸው፤ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደነበረው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤትም ገቡ። እዚያ ያገኟቸው ኦነሲሞስ ነሲብም ከኢሉባቦር በሕፃንነታቸው ተሰርቀው የተሸጡ ነበሩ።

እምኩሉ ሙቀትና አሸዋ ነው፤ ከሊሙ እጅግ ይርቃል። አስቴር ግን ቋንቋቸው አልጠፋባቸውም። ለትርጉም ሥራው የቃላት ስብስብ አዘጋጁ። ከዚያም 500 ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጻፉ። እንዲህ ያለው ነገር በልጅነት ጆሮ የሚገባ ነው። ብዙዎቹ በ1894 በግእዝ ፊደል በታተመው የጀማሪዎች የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ገቡ።

እኔን የሚደንቀኝ ቁጥሩ አይደለም። ስለ ተነጠቀ ልጅነታቸው ሙሾ ቢያወርዱ ማን ይወቅሳቸው ነበር? እሳቸው ግን የሰሙትን ሁሉ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ሰጡት።

በመካከላችን ተረትና እንቆቅልሽ «የዓለም ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። በ1899 በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የአስቴር ድካም እንዳለበት ንገሩት። «ሂቦ»ውን የጻፈችው እጅ ያችው ናት።

በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ መጡ። ነቀምቴ ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆችም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ ጀመሩ።