የሽመና ቤት በር ለሁሉም ሲከፈት

ለንደን ባለው የብሪታንያ ሙዚየምና በካናዳ ቶሮንቶ ባለው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከሐር የተሸመኑ ግዙፍ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ይገኛሉ። ርዝመታቸው 5 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ነገሥታቱ፣ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮችና ካህናት በክሩ ውስጥ ተሸምነው ይታዩባቸዋል። የተሠሩበትም ዘዴ ዛሬ በየገበያው ከምናውቀው ሽመና ይለያል። ድሩ ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ውስጥ ያልፍና ገበታዎቹ ሲዞሩ ክሩ እየተጠማዘዘ ሥዕሉ ይወጣል። ለእንዲህ ያለ ስፋት በመቶዎች የሚቆጠሩ ገበታዎች ያስፈልጋሉ፤ ያን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ይዞ ያዞረዋል ማለት ስለማይቻል፣ ሥራው የብዙ እጅ ሥራ ነበር ብለን መደምደም እንችላለን። ንጉሡ በመጋረጃው ላይ አለ፤ የሸማኔዎቹ ስም ግን የለም።

መጋረጃዎቹ ከአገር የወጡት በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወደ ደብረ ታቦር አጋዙ። በማግስቱ ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ያን ሁሉ ጓዝና በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እየጎተቱ፣ በጋይንት አልፈው፣ ጨጨሆን ተሻግረው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ጋይንትን በታሪክ መጽሐፍ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጉዞ ነው፤ መንገድ ሆኖ። ዞር ብሎ ላየ ግን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ሴቱ የሚፈትልባቸው፣ ወንዱ የሚሸምንባቸው፣ በጉና ተራራ ብርድ የበግ ጠጉር ባና የሚለበስባቸው አገሮች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው የመድፉ መንገድ ስለሸፈነው ስለዚሁ ሙያ ነው፤ ክርክሬም አንድ ነው። ሸማኔውን ያዋረደው ሥራው ሳይሆን ከሌላው ሰው ተለይቶ መኖሩ ነው፤ ስለዚህ ክብሩን የሚመልስለት ዐዋጅ ሳይሆን በሩን ለሁሉም የከፈተ የሽመና ቤት ነው።

መለየቱ ከየት መጣ? በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም.፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። ርስት የሌለው ሰው እጁን ነውና የሚያርሰው፣ ርስት ያልነበራቸው እነዚህ ማኅበረሰቦች በሽመና፣ በሸክላ፣ በብረት ሥራና በንግድ ኖሩ። እንግዲህ መሬት ያለው ገበሬ መሬት የሌለውን ባለሙያ ሲንቅ፣ የሚንቀው ሃይማኖቱን ይሁን ድህነቱን ወይስ ሙያውን ለመለየት አስቸጋሪ ሆነ። ቀስ በቀስ ሦስቱ ተደባለቁ። ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ሸማውን የሠራለትን ሰው ልጁን አይድርለትም፤ ብረት ቀጥቃጩን ደግሞ ቡዳ ይለዋል። ሁሉም የሚለብሰውን የሚሠራ ሰው መናቁ እንቆቅልሽ የሚመስለው ሥራውን ብቻ ለሚያይ ነው፤ የሰፈሩን አጥር ላየ ግን ግልጽ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ስድብ ለማስቆም በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አስነገሩ። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዘዙ፤ ሠራተኛን ማዋረድ አገርን ባዶ እንደሚያስቀርም ገለጹ። ለዘመኑ ትልቅ ንግግር ነበር። ነገር ግን ስድቡ በዐዋጁ ማግስት አልጠፋም፤ ከመቶ ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ዐዋጁ አፍን እንጂ መኖሪያን አለመንካቱ ነው። ተሳዳቢው ሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ፣ መወርወሪያውን ሲወረውር፣ የተበጠሰውን ድር ሲቀጥል አይቶት አያውቅም፤ የሚያውቀው ገበያ ላይ ተጣጥፎ የተዘረጋውን ጋቢ ነው። ያላየውን ድካም ሊያከብር አይችልም።

ከዐዋጁ የተሻለ የሠራ ነገር ያገኘሁት ጋይንትና እስቴ ባሉበት በደቡብ ጎንደር፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር በፎገራ ወረዳ ባለችው አውራምባ ነው። የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በ1964 ዓ.ም. የመሠረቷት ይህች ማኅበረሰብ የሴትና የወንድ ሥራ የሚባል ነገር የለም በሚለው እምነቷ ትታወቃለች። በደርግ ዘመን መጨረሻ አባላቷ ተገፍተው ወደ ቦንጋ ተሰደዱ፤ በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ የጠበቃቸው መሬት 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። በዚያ መሬት በእርሻ መኖር ስለማይቻል ፊታቸውን ወደ ሽመና አዞሩ። በሌላው የአማራ አገር እንዝርት የሴት፣ መወርወሪያ የወንድ ሆኖ ሳለ፣ በአውራምባ ሴቶች ይሸምናሉ፣ ወንዶችም ይፈትላሉ። ከሁሉም በላይ ግን የሽመና ቤቱ ለእንግዳ ክፍት ነው። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የውጭ አገር ሰው ገብቶ ሥራውን እያየ ሠሪውን ይጠይቃል፤ ሲወጣም ነጠላውን ወይም ብርድ ልብሱን ማን እንደሠራው ዐውቆ ይገዛል። ሽመና እዚያ መንደር ውስጥ የተገለለ ሰፈር ሥራ መሆኑ ቀርቶ መንደሩ ራሱን ለእንግዳ የሚያስተዋውቅበት ሆኗል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል። የመጀመሪያው፣ አውራምባ ሽመናን የያዘችው አክብራው ሳይሆን መሬት አጥታ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። የጎንደር እስላሞችና ቤተ እስራኤሎችም ወደ ሽመና የገቡት መሬት አጥተው ነበር፤ መነሻው አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ ልዩነቱን ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም አጥሩ መነሣቱ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ጎብኝ የሚመጣለት ሥራ ቀስ በቀስ ትርኢት ይሆናል ይላሉ። ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። ለፎቶ ብቻ የሚወረወር መወርወሪያ ልብስ አይወጣውም። ሆኖም መድኀኒቱ በሩን መዝጋት አይመስለኝም። እንግዳው ቆሞ ከሚመለከት ይልቅ ቁጭ ብሎ ቢሠራ ትርኢቱ ያበቃል። ድር ሲበጠስበትና ማጉ ሲወላገድበት ዋጋ መከራከሩን ይተዋል። የብዙ እጅ ሥራ ሠሪዎቹን መደበቅ እንደሌለበትም ምሳሌ አለ፤ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ የሐምቡርግ መንደር ሴቶች የሕዝባቸውን ታሪክ 120 ሜትር በሚረዝም የኬይስካማ ጥልፍ ላይ በጋራ ጠልፈውታል፤ ጥልፉ በአገሪቱ ፓርላማ ተሰቅሎ ታይቷል። እንደ ጎንደሩ መጋረጃ ያለ የጋራ ሥራ ነው፤ ግን ሠሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው ክርክር የገበያ ነው። ባሕር ዳር ከጣልያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተከለች ወዲህ፣ ይልቁንም የፖሊስተር ልብስ ከውጭ መጉረፍ ከጀመረ በኋላ፣ የእጅ ሽመና በዋጋ መወዳደር አልቻለም። በዋጋ ከሆነ ወደፊትም አይችልም። ለዚህ ነው የሠሪው መታወቅ ቁም ነገር የሚሆነው። የእጅ ሥራ ከፋብሪካ ምርት የሚበልጥበት አንዱ ነገር ከማን እጅ እንደወጣ መታወቁ ነው፤ ያንን ደብቆ በርካሽነት መፎካከር ሽንፈትን መጥራት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ግጭት ደግሞ እንግዳ የት ይገኛል ለሚል፣ የመጀመሪያው እንግዳ ፈረንጅ መሆን የለበትም። በስማዳ የወገዳ ከተማ ተማሪ የወገዳን ሸማኔ ቤት አይቶ አያውቅ ይሆናል፤ ከአጥሩ ውጭ የቆመው ከሁሉ በፊት እሱ ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ለስማዳዋ ወገዳ፣ ለእስቴዋ መካነ ኢየሱስና ለጋይንቷ ነፋስ መውጫ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ነው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በየከተማው ፈቃደኛ የሆኑ ሸማኔዎችና ፈታዮች ተመርጠው፣ ለሚያስተምሩበት ጊዜ ተገቢው ዋጋ ተከፍሏቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን ቤታቸው ለተማሪና ለእንግዳ ይከፈት። የሚገባውም ሴት ወንድ ሳይል እንዝርቱንና መወርወሪያውን ይዞ ይቀመጥ፤ በጋራ የሚሠራውም ጨርቅ ጠርዙ ላይ የሠሪዎቹ ስም ይጠለፍበት።